ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደው ዱም

“ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርደውና እስከ ዛሬ ‘ሙዚቃ’ እየተባለ ሲጠራ የቆየው ነገር ከአሁን በኋላ ‘ንዝረት’ ተብሎ እንዲጠራ በአብላጫ ድምፅ መወሰኑን ኮሚቴው በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ውሳኔውን የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ሲሆኑ እሳቸውም የንዝረቱ ባለቤት ናቸው። ከታች እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ።”

እሳቸው አልፈረሙም። ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ያነሳው ከሳሎኑ ወለል ላይ ነው፤ አጠገቡ የሰው እግር ተዘርግቷል።

ሟቹ በሠፈሩ የታወቀ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሚስቱ ዓምና የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሰው። ከወንበሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። ከጆሮው ከፍ ብሎ አጥንቱ ሰርጎ ገብቷል። አንዴ ብቻ ነው የተመታው። የመታው ሰው ሁለተኛ አላስፈለገውም።

ኢንስፔክተሩ ቤቱን ዞሮ አየ። ሶፋ የለም፣ የእንግዳ መቀመጫ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ሳሎኑ መሐል አንድ ወንበር ብቻ አለ። ከወንበሩ ፊት ለፊት፣ በሁለት ቀጫጭን የብረት ማቆሚያዎች ላይ፣ ጡጫ የማይሞሉ ሁለት ስፒከሮች ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ሳጥን ቁጢጥ ብሏል። ምንጣፉም መጋረጃውም የመጻሕፍት መደርደሪያውም የተቀመጡት ለእነዚህ ሦስት ዕቃዎች እንዲመች ተደርጎ ነው። የሰው ቤት ሳይሆን የጆሮ ቤት ነው ያስብላል።

“እነዚህ ናቸው ሕንፃውን ያመሱት?”

“ትንንሾቹ ምንም አላጠፉም፤ እነሱ ይዘፍናሉ” አለች ሳጅኗ ጓንቷን እያጠለቀች። “የሚደበድበው ሳጥኑ ነው። ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው፤ ዉፈር ይሉታል። ወንድሜ ቤት አንድ አለ፤ ሚስቱ ወደ እናቷ ሄዳለች።”

“ተመለሰች?”

“ዉፈሩ አልወጣም፣ እሷም አልገባች።”

ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ ሲዲ አለ፤ ድምፅ ግን የለም። ኩሽና ውስጥ የምድጃው ሰዓት ዜሮ ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ሳጅኗ የራሷም ምድጃ ከገዛችው ጀምሮ እንደዚያው መሆኑን ተናገረች። የሰውየውን ጭንቅላት የሰበረው ነገር የትም አልተገኘም። መዶሻ የለም፣ ዱላ የለም፣ መስኮት ሥር የወደቀ ነገር የለም።

ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ የሐኪም ቤት ጫማዋን እንዳደረገች፣ የሹራቧ እጅጌ ደም ነክቶት። ሦስተኛ ፎቅ፣ በትክክል ከዉፈሩ ሥር የምትኖር ነርስ ናት። ኮሚቴው ወረቀቱን አስፈርሚ ብሎ የላከው እሷን ነው። በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው፣ ገባች፣ የደም ሥሩን ዳሰሰች፣ ፖሊስ ጠራች። ኮሚቴው ፊት ቆማ “አንድ ቀን ያንን ሳጥን ራሱ ላይ ነው የምሰብረው” ያለችውም እሷው ናት። ይህንን ለኢንስፔክተሩ የነገሩት የኮሚቴው አባላት በሙሉ ናቸው፣ በየተራ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

*

“ዝታለች፣ ቤቱ ተገኝታለች፣ ደም አለባት” አለ ኮማንደሩ ከጠረጴዛው ጀርባ። “ሌላ ምን ልስጥህ? ስትመታው ፎቶ ተነስታ ትላክልህ?”

“የመታችበት ዕቃ የታል?”

“ወርዳ ቤቷ አጠበችው። ሰኞ ጠዋት ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ቅዳሜና እሁዴን አታበላሽብኝ።”

ኢንስፔክተሩ ወደ ምርመራው ክፍል ገባ። ነርሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

“ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ” አለች ሳይጠይቃት። “ጠዋት ስገባ ሳጥኑ ጀምሯል። እናቴን አገላበጥኩ፣ አጠብኩ፣ ጋደም አልኩ። አልጋዬ ከሥሬ ይርገበገባል። ቀትር ላይ ቀጥ አለ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተኛሁ። ከሰዓት በኋላ ነው የነቃሁት።”

“ቀጥ ያለው አንቺ ወጥተሽ ስለመታሽው ነው ይላሉ።”

“ሲጮህ ያልገደልኩትን ሲያርፍ ልግደለው?”

ኢንስፔክተሩ ማስታወሻውን ገለጠ። የአስከሬን መርማሪው ከጠዋት እስከ ቀትር ባለው ጊዜ ነው የሞተው ከማለት በላይ ሊያጠብለት አልቻለም።

“ስለ ሐኪሙ በቅርቡ አንድ ሰው አነጋግሮሽ ነበር? ጠላት ያለው፣ የተጣላው?”

እጆቿን አየች። “ማንም አላነጋገረኝም።” ከዚያ ቀና አለች። “እናቴን ማን እያገላበጣት ነው?”

“ጎረቤት አለች አሉኝ።”

“ጎረቤት ለአንድ ቀን ነው። እናቴ ግማሽ ጎኗ አይሰማትም፤ አፏም ተይዟል። ባንድ ጎን ከቆየች ቆዳዋ ይላጣል፤ ከተላጠ ደግሞ በሷ ዕድሜ አይሽርም። ስንት ሰው በዚያ ሲሄድ አይቻለሁ። እኔን ተውኝና እሱን ይንገሩልኝ። በየጊዜው ነው የምትገለበጠው። ጠዋትና ማታ አይደለም።”

ሄዶ ለጎረቤቲቱ ነገራት። ጎረቤቲቱም እሺ አለች፣ እሺ የሚል ሰው ፊት ሳይኖራት።

*

ኢንስፔክተሩ የሕንፃውን ዘበኛ በሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮውን እያዳመጠ አገኘው።

“ጠዋት ወደ አራተኛ ፎቅ ማን ወጣ?”

“ማንም እንግዳ አልወጣም ጌታዬ። እኔ እያለሁ በዚህ በር ዝንብ አታልፍም።”

ዝንቦቹን ኢንስፔክተሩ አያቸው፤ ብዙ ናቸው።

የክሊኒኩ ጸሐፊ ግን አንድ ስም ነበራት። ሐኪሙ የአንድ ደንበኛውን የታመመ ጥርስ ትቶ ጤነኛውን ነቅሎበት፣ ሰውየው “ያንተንም መንጋጋ እነቅለዋለሁ” ብሎ በሩ ላይ በትልልቁ ጽፎ ሄዷል። ሳጅኗ በደስታ ተነሳች። ሰውየውን ቤቱ አገኙት፤ አንድ ጉንጩ እንደ ኳስ ተነፍቷል።

“ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?”

ሰውየው አፉን በግማሽ ከፈተ። “ሌላ ሐኪም ጋ። የቀረውን ሳስነቅል። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ምሳ ሰዓት አፌን እንደከፈትኩ ነው። ሰው ልገድል ይቅርና ምራቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር።”

ሌላኛው ሐኪም አረጋገጠ። እንዲያውም በጣም የተማረረ ይመስል ነበር። ሳጅኗ መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ከሚገባው በላይ ወርወር አድርጋ ዘጋችው።

*

እሁድ ጠዋት ወደ ፊዚክስ መምህሩ ቤት ሄዱ። ሟቹ ከዚህ ሰውና ከሌላ አንድ ሰው ጋር በየቅዳሜው ይሰበሰብ ነበር፤ ሠፈሩ “የሳጥኑ ክበብ” ይላቸዋል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ዕቃ አላቸው፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ዉፈር። በተራ እየተገባበዙ ያዳምጣሉ፤ ካዳመጡ በኋላ እያንዳንዱ የሳምንቱን “ተሞክሮ” ይናገራል።

“ሌላው ሰው ስለ ልጆቹ ያወራል፤ እኛ ስለ ዉፈራችን” አለ መምህሩ። ዓይኖቹ ለቅሶ አብጠዋል፤ ምላሱ ግን አላረፈም። “ዉፈር ቦታው ካልተገኘለት በርሜል ነው። ቦታው ሲገኝለት ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ወለሉ ራሱ የሚዘምር ይመስላል። እኔ የኔን ቦታ ለማግኘት ዓመት ፈጅቶብኛል።”

“የኔን ቁም ሳጥን ኮሪደር ላይ አውጥቶ ነው ያገኘው” አለች ሚስቱ ከኩሽና። “ቀሚስ በቀየርኩ ቁጥር ጎረቤት እንደምን አደርሽ ይለኛል።”

መስኮቱ አጠገብ ሦስተኛው የክበቡ አባል ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ድምፀ ዝግ፣ ጥፍሮቹ እንደ ሴት የጠሩ። መነጽር ሠሪ ነው። የሟቹ ሚስት ወንድምም ነው።

“ያዛመደችን እህቴ ናት” አለ ኢንስፔክተሩ ሲጠይቀው። “እሷ ካረፈች በኋላ ያቆየን ሳጥኑ ነው።”

“ትናንት የት ነበራችሁ?”

“እዚሁ ነዋ፣ የኔ ተራ ነበር” አለ መምህሩ። “እሱ ረፋዱ ላይ መጣ። ዶክተርን ብንጠብቅ ብንጠብቅ የለም። ቀትር ላይ ደግሞ መብራት ጠፋና እንደ ሙት ልጆች ተኮልኩለን ቀረን። ሻይ ጠጥተን ስለ ሽቦ ስንከራከር መሸብን።”

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱ ላይ አቀርቅሮ እስክሪብቶውን አቆመ።

“መብራት የጠፋው እዚህ ቤት ብቻ ነው?”

“ሠፈሩ በሙሉ ነው እንጂ። አመሻሽ ላይ ነው የመጣው።”

የምድጃው ሰዓት ፊቱ ላይ ብልጭ አለበት። ዱሙ ቀትር ላይ ያቆመው ሰው ስላቆመው አይደለም፤ መብራት ስለጠፋ ነው። ማንም ያልነካው ሲዲ ባዶ ወንበር ፊት ሲዞር አርፍዶ ሊሆን ይችላል።

“ዶክተሩ አንድ ሲዲ ይደጋግም ነበር?”

“ሕንፃው በቃሉ እስኪይዘው። ‘ድገም’ ላይ አድርጎት ይቀመጣል።” መምህሩ በሐዘን ፈገግ አለ። “ነፍሱን ይማረው፣ ጆሮው ግን ግትር ነበር። የግራውን ስፒከር ሽቦ ሆን ብሎ ገልብጦ ነው የሚያስረው። ያን ጊዜ የዘፋኟ ድምፅ መሐል ላይ መቆሙን ትቶ ይበተናል፤ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ላቃናልህ ባልኩት ቁጥር ‘አፍንጫዬ ላይ እንድትዘፍን አልፈልግም፣ ትራቅልኝ’ ብሎ እጄን ይመታኛል።”

መነጽር ሠሪው መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ መጥረግ ጀመረ።

*

ኮማንደሩ የመብራቱን ነገር በስልክ ሰማና ሳቀ። “ጊዜው ከሰፋ ለሷም ነው የሰፋላት። ከሥራ የገባችው በጠዋት ነው፤ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥታ መታችው። አመሰግናለሁ፣ ሥራዬን አቀለልክልኝ።”

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ቆመ። እውነቱን ነው። መሄጃ ልክፈትላት ብሎ፣ ‘ሲያርፍ ልግደለው?’ የምትልበትን ቀትር ነጠቃት። ከዚያ መምህሩን መኪና ውስጥ አስገብቶ ወደ ሟቹ ቤት ወሰደው፤ ለምን እንደሆነ ራሱም በደንብ አልገባውም። ምናልባት ያ ቤት የጆሮ ቤት ስለሆነና እሱ ጆሮ ስለሌለው ነው።

መምህሩ ወለሉ ላይ የቀረውን የደም ምልክት ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ገባ። ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሳጅኗ ማጫወቻውን ነካችው። ሳጥኑ መጀመሪያ እንደ እንቅልፋም አጉረመረመ፤ ከዚያ አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች።

ኢንስፔክተሩ ምንም ልዩነት አልሰማም። ለሱ ሁሉም ዱም ነው። የመምህሩ ፊት ግን ተለወጠ።

“ይሄ የሱ አይደለም።”

“ምኑ?”

“ድምፁ። መሐሉ ሞልቷል።” ጣቱን ወደ ባዶው ግድግዳ ቀሰረ። “እዚያ ቆማለች። ታዩዋት የለም? ባለፈው እዚህ ስንሰበሰብ እዚያ ማንም አልነበረም።”

ሳጅኗ ወደ ግራው ስፒከር ሄዳ ተንበረከከች። በቀኙ ስፒከር ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ ጫፍ ጠቁሯል። የግራው ያበራል፤ በቅርቡ ተልጦ፣ ጫፉ በጥንቃቄ ተጠምዝዞ፣ እንደገና ታስሯል። ወደ ስፒከሩ የሚገቡት ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁሮች ናቸው፤ ልዩነታቸው በአንደኛው ጎን ላይ ያለች፣ በአውራ ጣት ካልተዳሰሰች የማትታይ ሰንበር ናት። ሰንበር ያላት በቦታዋ ገብታለች፤ ያሰራት ሰው ይህንን ያውቃል።

ኢንስፔክተሩ ማቆሚያውን ከነስፒከሩ አነሳው። ቀጭን መስሎት ነበር፤ እጁ ወደ ታች ተጎተተ። ክብደቱ በሙሉ ከታች ባለው ክብ ብረት ላይ ነው። ገለበጠው። ብረቱ ተጠርጓል። ከሥሩ የተለጠፈው ጨርቅ ግን ጫፉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል።

“ሳጅን፣ ይሄንን ለላቦራቶሪ።”

“ነርሷስ ይሄንን መልሳ መግጠም አትችልም?” አለች ሳጅኗ ቀስ ብላ። ኮማንደሩ የሚጠይቀውን ቀድማ መጠየቋ ነው።

“ብትገጥመውም አታስረውም” አለ መምህሩ፣ አሁንም እንደ ክፍል ውስጥ ሆኖ። “ሽቦውን የያዙትን ብሎኖች አይታችኋል? እነዚህ ብሎኖች የሰው ጠላት ናቸው። ተራ ካቻቢቴ አይገባባቸውም። ዶክተር ራሱ አልነበረውም፤ እኔም የለኝም። የኔን ሁሌ የሚያጠብቅልኝ…”

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዘፋኟ ቀጠለች። ሳጅኗ አጠፋቻት።

“በኪሱ ይዞት ነው የሚዞረው” አለ መምህሩ በመጨረሻ። “የመነጽር ብሎን ማጥበቂያ ነው።”

“ለምን ይመስልዎታል?”

“ለምን ይሆናል? ይዋደዱ ነበር። ዕቃውን እንኳን አስመርጦ ያስገዛው እሱ ነው፤ ዉፈሩን አራት ፎቅ በትከሻው ተሸክሞ ያወጣለት እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ቤት ተሰብስበን ዶክተር ተሞክሮውን ሲናገር እንዴት አምሮበት እንደነበር። ስለዚያች የመጀመሪያ ቀን ነበር ያወራው።”

“ምን አለ?”

መምህሩ ሟቹን እየመሰለ፣ እጁን እያወናጨፈ ጀመረ፦ “‘ሳጥኑ የገባ ቀን ቦታውን በአንዴ አገኘሁት። በሩን ዘጋሁ። ከምሳ በኋላ ተቀምጬ የተነሳሁት ሲጨልም ነው። ዓለም ጠፋችብኝ፤ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩን ረሳሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን…’”

ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

“ሚስቱ የሞተችው መቼ ነው?” አለ ኢንስፔክተሩ።

መምህሩ ከወንበሩ ተነሳ፤ እንዳቃጠለው ሁሉ። “ሳጥኑ የገባ ዕለት ማታ ነው” አለ። “ልብ ሕመምተኛ ነበረች። ተኝታ ሄደች ነበር የተባልነው። እኔ እኮ አጨበጨብኩለት።”

*

ወደ ታች ሲወርድ ዘበኛው ጋ ቆመ።

“ቅዳሜ ጠዋት የዶክተሩ ሚስት ወንድም መጥቶ ነበር?”

“አዎ፣ በጠዋቱ። ብዙም አልቆየም።”

“ማንም አልወጣም አላልከኝም?”

ዘበኛው ከልቡ ተገረመ። “እንግዳ ነው የጠየቁኝ። እሱ እንግዳ ነው እንዴ ጌታዬ? የቤት ሰው ነው እኮ።”

*

ነርሷን እንደተዋት ነው ያገኛት። ምግቡ አልተነካም።

“መነጽር ሠሪው ምን ብሎ ጠየቀሽ?” አለ ገና ሳይቀመጥ።

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋች።

“ባለፈው ሳምንት መጣ” አለች። “በሬ ላይ ቆሞ፣ እህቴ የሞተች ቀን ቤት ነበርሽ ወይ አለኝ። ነበርኩ አልኩት። የሰማሽው ነገር አለ አለኝ።”

“ሰምተሽ ነበር?”

“በዱሙና በዱሙ መሐል ሌላ ነገር ነበር። ወለሉ ላይ ነው። ምቱን አይጠብቅም። ሙዚቃው አዲስ ዓይነት ነው ብዬ ተናደድኩ።” ከንፈሯን ላሰች። “እሱ ሲጠይቀኝ ነው የገባኝ፤ ከአልጋዋ ወድቃ ነው ለካ። በእጇ ነው ለካ የምትደበድበው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከሷ የሚለየኝ አንድ ጣሪያ ነው።”

“አላወቅሽም።”

“ይቆዩኝ፣ አልጨረስኩም። መጥረጊያ አንስቼ ጣሪያውን መልሼ መታሁት። ዝም በሉ ማለቴ ነው። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ዉፈሩ አይደለም። ሌላው።”

ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

“ይሄንን ሁሉ ነገርሽው?”

“መጥረጊያውንም ነገርኩት። አመስግኖኝ ወረደ።”

“ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ? እዚህ የተቀመጥሽው በሱ ምክንያት መሆኑን እያወቅሽ?”

“እሱን ከጠራሁ እህቱንና መጥረጊያዬንም መጥራቴ ነው” አለች ነርሷ። “ስትታሰሪ ምን ተሰማሽ ቢሉኝ፣ ገና ድሮ የሚገባኝ ነገር መጣ ነው ያልኩት። ግን እናቴን ረስቼ ነበር ያልኩት። አሁን እሷን ያሳዩኝ።”

*

ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪው መልስ ከኮማንደሩ ሻይ ቀድሞ ደረሰ። ጨርቁ ላይ ያለው ደም የሟቹ ነው። ኮማንደሩ አንብቦ “መነጽር ሠሪ?” አለና፣ የራሱን መነጽር አውልቆ እንደ ማስረጃ አየው፤ ያሠራው እዚያው ነበር።

ነርሷ ተለቀቀች። ኢንስፔክተሩ ራሱ አደረሳት፣ እሷን ተከትሎም ገባ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ሽታው ቀደማቸው። እናቷ ጎረቤቲቱ እንዳስተኛቻት በግራ ጎኗ ላይ ነች፤ ዓይኗ ክፍት ነው። ነርሷ አንሶላውን ገለጠች፣ አየች፣ መልሳ ሸፈነች። አላለቀሰችም። እጅጌዋን ሰብስባ ውሃ ልታሞቅ ወጣች። ኢንስፔክተሩን እዚያው እንደቆመ ረሳችው።

ከዚያ ነው ወደ መነጽር ቤቱ የሄደው።

ሱቁ ጠባብና ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ ባዶ ክፈፎች ተደርድረው መንገዱን ያያሉ። ባለሱቁ በአጉሊ መነጽር አቀርቅሮ የአንድ ክፈፍ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ኢንስፔክተሩንና ሳጅኗን አየ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። ብሎኑ እስኪጠብቅ ጠበቁት። ጨርሶ ካቻቢቴዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ኢንስፔክተሩ ገፋት።

“ነርሷ አልነካችውም” አለ። “እኔ ነኝ።”

“እናውቃለን።”

“ሽቦው ነው?”

“ሽቦው ነው። ዶክተሩ ገልብጦ ያስረው የነበረውን አቃንተው ነው ያሰሩት።”

መነጽር ሠሪው ጣቶቹን አየ። “አላሰብኩበትም። በማቆሚያው ስመታው ሽቦው ተበጠሰ፤ እንደዚያ ትቼው መሄድ አልቻልኩም። እጄ የሚያውቀውን ነው የሠራው።” ድምፁ ውስጥ ምንም የለም፤ ለደንበኛ ስለ ጥገና የሚያስረዳ ይመስላል። “አልተጣላንም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስማ፣ ስማ ይለኝ ነበር። ሰማሁ። ከዚያ መታሁት።”

“ስለ እህትዎ ሁሉንም ሰምቻለሁ” አለ ኢንስፔክተሩ። “ዳኛ ፊት እርስዎ ራስዎ ቢናገሩት ሸክሙን ያቀልልዎታል። ነርሷም ትመሰክራለች።”

“ስለ እህቴ አልናገርም።”

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። ሰውየው እጁን ዘረጋ። ኢንስፔክተሩ ግን በእጁ ምልክት አስቆማት፤ አንድ ጥያቄ ቀርቶታል፣ ሳይጠይቀው ቢወጣ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት እንደሚያድር ያውቃል።

“ነርሷ ከቅዳሜ ጀምሮ ታስራ እንደነበር ያውቃሉ። ትናንት መምህሩ ቤት ስንቀመጥም ያውቁ ነበር።”

“አውቅ ነበር።”

“እናቷ ሽባ መሆኗንም ያውቃሉ። በሯ ላይ ቆመው ሲያነጋግሯት አልጋው ይታያል። ከቅዳሜ ጀምሮ ሴትየዋ ባንድ ጎኗ ተኝታ፣ ማንም ሳያገላብጣት፣ መጣራት እንኳ ሳትችል ነው የከረመችው። አሁን አይቻት መጣሁ። ጎኗ ተልጧል። ልጅቷ ይሄ ቁስል አይሽርም ብላኛለች።”

የመነጽር ሠሪው ፊት አልተለወጠም። የተዘረጋው እጁ ግን ትንሽ ወረደ።

“ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም” አለ ኢንስፔክተሩ። “እርስዎ ግን ሰው የገደሉት እህትዎ ወለል ላይ ወድቃ፣ ሰሚ አጥታ በመሞቷ ነው። አንድ ቃል ተንፍሰው ቢሆን ልጅቷ ቅዳሜ ማታውኑ ቤቷ ትገባ ነበር። ለመጥረጊያው ነው? እሷንም ሊቀጧት ነው ዝም ያሉት?”

መንገዱ ላይ መኪና አለፈ። ግድግዳው ላይ ያሉት ክፈፎች በስሱ ተንቀጠቀጡ።

“ካቴናውን አድርጊው፣ ልጄ” አለ መነጽር ሠሪው ለሳጅኗ።

“ጠየቅኩዎት እኮ።”

“ሰምቻለሁ።”

“ታዲያ?”

“አልናገርም።”